የእድሩ ምሰሶ ለውድድር ሲወጣ

ጥንቁቅ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚቸገረው፤ አንዴ ነገሩ ሳይመጣ፣ አንዴ ነገሩ ሲመጣ። ግድየለሽ ሰው ግን የሚቸገረው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሌላ ሰው ካስታወሰው። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። በሬን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ቁልፉን እነቀንቃለሁ። ከሳሪስ ወደ ቤቴ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ «አቃቂ! አቃቂ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ ብሰማም፣ አጠገቤ ለተቀመጠው መንገደኛ «ይሄ የአቃቂ ነው አይደል?» ሳልለው አልደላደልም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» ያለው ሰው የሥጋ ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቴ አስካለ ግን በሌላ ተረት ነው የምትገጥመኝ፤ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ትለኛለች። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር በዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተስማምተን አናውቅም። ዛሬ ግን በጽሑፍ ልመንላት ነው፤ የሠራው የእሷ ተረት ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ስሜ ታዬ ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ታዬ ይለኛል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ክር ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ፤ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሰፈራችን እድር ንብረት ክፍል ነኝ። ንብረት ክፍል ስላችሁ ቢሮ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ቁልፏ ግን አንገቴ ላይ ነው የሚውለው፣ የሚያድረው። በውስጧ አንድ ትልቅ ድንኳን ከነምሰሶው፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ብረት ድስቶች፣ ሰሃንና ብርጭቆ አሉ። በእኔ ዘመን አንድ ብርጭቆ ጠፍቶ አያውቅም፤ ተሰብሮ ያውቃል፣ ስባሪው ግን በፌስታል ታስሮ በቦታው አለ። ያለ ፊርማ የሚወጣ ዕቃ የለም። የእድሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ የሺ ልጃቸውን ሲድሩ ለአንዲት ጭልፋ አስፈርሜያቸዋለሁ። «ጋሽ ታዬ፣ እኔ እኮ ሊቀመንበርዎ ነኝ» ቢሉኝ፣ «ጭልፋዋ ይህን አታውቅም» አልኳቸው። ፈረሙ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? እኔን ያሳተኝ ታዲያ ይኸው ሩቅ የተባለው ሰማይ ነው።

ሰማዩን ያመጣብኝ ጎረቤቴ ሸምሱ ነው። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይጠግናል፤ ሱቁ ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሬዲዮ አለው፤ ዜናና ዘፈን የማይሰማበት፣ ሲያናግሩት የሚመልስ። አማተር ሬዲዮ ይሉታል። ሸምሱ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከመንግሥት የተሰጠ የጥሪ ስም ይዞ፣ ከማያውቀው አገር ከማያውቀው ሰው ጋር በአየር ላይ ያወራል። ለንግድ አይደለም፤ ለፍቅር ነው። ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ዘመን ይህ ምን የሚሉት ፍቅር ነው ብዬ ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ ዓሣ በገበያ ሞልቶ ሰው ለምን መንጠቆ ይዞ ወንዝ ዳር ይውላል?» አለኝ። ስለ ዓሣ ብዙ አላውቅም፤ የቆሸሸውን የአቃቂን ወንዝ ግን አውቀዋለሁና ምሳሌው አልጣመኝም። ፈቃዱን ግን ጠይቄ አየሁ፤ ማኅተሙን በጣቴ ዳሰስኩ፤ ፎቶ ኮፒውን አስነሥቼ ኪሴ ከተትኩ። ማረሚያ ቤት በቅርብ ባለበት ሰፈር ሽቦ ከሚዘረጋ ሰው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው፣ ወረቀት ሳይዝ አይቀመጥም።

እነዚህ ሰዎች በየጊዜው ውድድር አላቸው። በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ከብዙ ሰውና ከብዙ አገር ጋር የተገናኘ ያሸንፋል። መገናኘት ስላችሁ እንደኛ «እንዴት ሰነበትክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ከብቱ፣ አዝመራው» አይደለም። የጥሪ ስምህን ትናገራለህ፣ የሰውየው ድምፅ እንዴት እንደሚሰማህ በቁጥር ትነግረዋለህ፣ ተራ ቁጥር ትሰጠዋለህ፤ እሱም እንዲሁ ይልሃል፤ አለቀ። አምስት ሰከንድ አይሞላም። የእናቱን ስም ሳትጠይቀው ለዘላለም ትለያያላችሁ። ከኢትዮጵያ የሚጣራ ሰው ጥቂት ስለሆነ ደግሞ የእኛ ድምፅ በሰማይ ላይ ብርቅ ነው። ሸምሱ አንዴ ሲጣራ ከጃፓን እስከ ብራዚል ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንጫጫበታል። ሰኞ ጠዋት ኮዬ ፈጬ ላይ አንዲት ባዶ ሚኒባስ ስትመጣ አይታችኋል? ሚኒባሷ ሸምሱ ነው።

ችግሩ፣ ሸምሱ ሲጣራ መጻፍ አይሆንለትም፣ ሲጽፍ መስማት አይሆንለትም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ በማሽን ጩኸት መሐል የክር ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል እየሰማሁ ስመዘግብ የኖርኩ ነኝ። «ጋሼ፣ ጆሮዎንና እጅዎን ያውሱኝ» አለኝ። ያለ ፊርማ አዋስኩት። ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ነው።

ፊደሎቹን እንዳይምታቱ እያንዳንዳቸውን በስም ነው የሚጠሯቸው። አንዱ ፊደል ሆቴል ነው፣ አንዱ ታንጎ፣ አንዱ ዊስኪ። በዕድሜው ከለስላሳ ያለፈ ነገር ቀምሶ የማያውቀው ሸምሱ «ዊስኪ! ዊስኪ! አንድ ጊዜ ድገምልኝ!» እያለ ሲጮህ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ይሰማል። እኔ በሩን እዘጋለሁ።

ልምምድ ላይ ግን ተጣላን። ያ የድምፅ ቁጥር ከፍተኛው አምሳ ዘጠኝ ነው፤ አምስቱ «ንግግርህ ጥርት ብሎ ይገባኛል» ማለት ነው፣ ዘጠኙ «ድምፅህ ጉልበታም ነው» ማለት። አንድ ሰውዬ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚያቃስት ሆኖ መጣ። ሸምሱ ሦስት ጊዜ «ድገመው» አለው። አራተኛም አስደገመው። በመጨረሻ «አምሳ ዘጠኝ!» ብሎ ሰጠው። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይህ ሰው አምሳ ዘጠኝ ነው ወይ? አልኩት። በውድድር ሁሉም አምሳ ዘጠኝ ነው አለኝ። እኔ የሰማሁት ሠላሳ ሁለት ነው ስለው፣ እኔም ሠላሳ ሁለት ነው የሰማሁት አለኝ። ታዲያ? «ጋሼ፣ ልማድ ነው። ሁሉም አምሳ ዘጠኝ ነው የሚጠብቀው። ሌላ ቁጥር ከሰጠነው 'ምን አልክ?' እያለ ያቆመናል፤ ከኋላው ስንት ሰው ተሰልፏል!» ዓለም በሙሉ፣ ጃፓኑም ሩሲያውም፣ ተስማምቶ የሚዋሽበት ቀን እንዳለ ያን ዕለት አወቅሁ። ለሸምሱ ስል ጻፍኩለት። ግን በደቃቃ ጽሕፈት ነው የጻፍኩት፤ እግዚአብሔር ካላየው ብዬ።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው የሸምሱ አንቴና የሚንጠለጠልበት የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሩ በስብሶ ወደቀ። አንቴናው ከረጅም ነገር ጫፍ ተነሥቶ በግራና በቀኝ እንደ ጣራ የሚወርድ ሽቦ ነው፤ ረጅም ነገር ከሌለ ውድድር የለም። ሸምሱ ዓይኑን አንሥቶ የእድሩን ቆርቆሮ ክፍል አየ። ቀጥሎ አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ አየ። የድንኳናችን የመሐል ምሰሶ ሁለት የሚጋጠም የብረት ቱቦ ነው፤ ሲቆም ከሰፈሩ ጣራ ሁሉ በላይ ነው። «አይሆንም» አልኩት። «ምን አልኩ?» አለኝ። «ልትል ነው» አልኩት። «ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት በቦታው ይሆናል፤ ወላሂ! ለሁለት ቀን ደግሞ ማን ይሞታል?» አለኝ።

ለምን እሺ አልክ ትሉኝ ይሆናል። አስካለም ይህንኑ ነው ያለችኝ። እውነቱን ልናገር? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቁጥር ጠርቶ «ያዙ ጋሽ ታዬ!» ያለኝ ሰው አልነበረም። ያ ጩኸት፣ ያ ጥድፊያ፣ እኔ ካልጻፍኩት የሚጠፋው ያ ቁጥር... ሰው ዕድሜው ሲገፋ የሚናፍቀው ነገር አይታወቅም።

መዝገቡን ግን ገለጥኩ፤ ይኼን እንኳ ሳላደርግ አልቀረሁም። የዕቃው ስም ጻፍኩ፦ የመሐል ምሰሶ። «የወጣበት ምክንያት» የሚለው ረድፍ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በዚያ ረድፍ ከእድሩ መመሥረት ጀምሮ የተጻፉት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ ለቅሶ እና ሠርግ። ከነዚያ ሥር «የአማተር ሬዲዮ ውድድር» ብዬ መጻፍ ብዕሩ እምቢ አለኝ። ረድፉን ባዶ ተውኩት፤ ፊርማውንም ተውኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፊርማ ዕቃ አወጣሁ፤ ያውም ራሴ፣ ያውም ስድስት ክንድ የሚያህለውን ሁለት ቱቦ፣ ጭልፋ ላይ ሊቀመንበር ያስፈረምኩት ሰውዬ! ወይዘሮ የሺ ቢደርሱበት መዝገቡንም ቁልፉንም፣ ከሁሉም በላይ ስሜን፣ በአንድ ቀን ይቀበሉኛል።

እንግዲህ ጥንቃቄ አደረግሁ። ምን ዓይነት ጥንቃቄ? ዓርብ ጠዋት የሰፈሩን በሽተኞች በሙሉ ዞሬ ጠየቅሁ። እስከ ሰኞ ማን ሊሞት እንደሚችል ማወቅ ነበረብኝ። ከታች መንገድ ያሉት እማማ ብዙ በአልጋቸው ላይ ሆነው ጎረቤታቸውን ሲሰድቡ አገኘኋቸው፤ ስድቡ ሙሉ ነበር፣ ትንፋሽ አላጠራቸውም፤ በልቤ ምልክት አደረግሁላቸው። እግሩን የተሰበረው አናጢ ደግሞ ሁለተኛ ሳህን ሽሮ አስጨምሮ ሲበላ ደረስኩበት። የቀረኝ አቶ ደበላ ነበር።

አቶ ደበላ የአቃቂ ነባር ገበሬ ልጅ ነው፤ ዛሬ ፎቅ በቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ዘርቶ ያጨደ። ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነው፤ አንደበቱ ግን አልጋ ላይ አልዋለም። ብርቱካን ይዤ ገባሁ። እንዴት ነህ አልኩት፤ ደህና ነኝ አለ። ትንፋሹን አዳመጥኩ። እንቅልፍ እንዴት ነው አልኩት፤ ደህና ነው አለ። ምግብስ? ደህና። ልብህ አካባቢስ? ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ታዬ፣ ሐኪሙ እንኳ እንዲህ አድርጎ አልጠየቀኝም። ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?»

ውሸት አልችልም፤ ሁሉንም ነገርኩት። ምሰሶውን፣ ውድድሩን፣ ባዶውን ረድፍ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ አሳለው፤ ሳሉ ሲቆይ የእኔ ልብ ቆመ። ሲመለስለት እንባውን ጠርጎ «እሺ፣ እስከ ሰኞ እቆይልሃለሁ፤ ግን ሰኞ ስንት ሰዓት?» አለኝ። ልቤ ሲያርፍ ስለ አምሳ ዘጠኙም ነገር ስሞታ አቀረብኩለት። ዓለም እየዋሸ ነው፣ እኔም አብሬ እየጻፍኩ ነው አልኩት። ደበላ ብርቱካኑን እየላጠ ሰማኝና «አሁን ስትገባ እንዴት ነህ ብለኸኝ ምን አልኩህ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልክ አልኩት። «ደህና ነኝ?» አለኝ። ሁለት ዓመት የተኛበትን አልጋ አየሁ። «ይኸው ነው አምሳ ዘጠኝህ» አለና አንድ ስንጥቅ ብርቱካን ሰጠኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምሰሶው ቆመ። የቆመው ከሸምሱ ግድግዳ ውጭ፣ የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘነበች በር ፊት ለፊት ካለችው ሰፋ ያለች ቦታ ላይ ነው። ሽቦው በአንድ በኩል ወደ ሸምሱ ጣራ፣ በሌላው ወደ ወይዘሮ ዘነበች አጥር ጽድ ወረደ፤ እሳቸውንም አስፈቅደናል። ሰፈራችን ግን ያን ቱቦ ቆሞ የሚያውቀው ለአንድ ነገር ነው። አላፊው ሁሉ ነጠላውን እያስተካከለ «ማን ሞተ?» ይለኛል። «ማንም» እላለሁ። አንገቱን ነቅንቆ፣ ያልተነገረው መርዶ እንዳለ ገምቶ ይሄዳል። አንዷማ ገና ሳትጠይቀኝ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ውድድሩ ተጀመረ። እስከ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምኑን ልንገራችሁ! ሸምሱ አንድ ጊዜ ተጣራ፤ ከዚያ በኋላ ጭንቅላታችን ላይ ንብ ወረደብን ማለት ይቀላል። ጣሊያኑ፣ ፖላንዱ፣ ህንዱ፣ ሁሉም የራሱን ስም ይጮሃል። ሸምሱ ከጫጫታው ውስጥ አንዱን ፊደል በጅራቱ ይዞ ይጎትታል፤ «አምሳ ዘጠኝ!» ይላል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ቀጣይ! ሻይ ቀረበልን፣ ቀዘቀዘ። መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ላይ ገባን። በየአሥር ደቂቃው ወጥቼ ምሰሶውን ነካ አደርግና እመለሳለሁ። አንዱን ጃፓን ሸምሱ በአራት ሰከንድ ሲያሰናብተው አላስችል ብሎኝ «እንዴት አመሸህ በለው እንጂ፣ ከስንት አገር አቋርጦ መጥቶ!» ብዬ ገሠጽኩት። «ጋሼ፣ በአላህ ይጻፉ!» አለኝ። ጻፍኩ። አንድም ስህተት የለብኝም፤ አምሳ ዘጠኞቹ ሳይቆጠሩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ። እኩለ ቀን ሊደርስ ሲል ሸምሱ ድምፁ ሰልሎ፣ ዓይኑ ግን እንደ ሙሽራ እያበራ ነበር። ከዚህ በፊት ከነበረው ውጤቱ በእጥፍ በልጠናል፤ ሦስት ሰዓት ብቻ ከያዝን ስማችን በአፍሪካ ዝርዝር ላይ ከላይ ይወጣል አለኝ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ወገቤን ረስቼዋለሁ። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ የአንድ ብራዚላዊ ቁጥር እየጻፍኩ ሳለ ጡሩምባ ተነፋ።

ሌላው እድር በስልክ መልእክት መላክ ጀምሯል። የእኛ እስካሁን ጡሩምባ ነው፤ መልእክት ሰውን ከወንበሩ አያስነሣም፤ ጡሩምባ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል። እኔንማ ብዕሬን አስጣለኝ። መጀመሪያ በጆሮዬ ውስጥ ያቃጨለው የደበላ ሳቅ ነበር። ሰኞ ተባብለን አልነበር? ሮጬ በሩ ላይ ስደርስ የጡሩምባ ነፊያችን ድምፅ ተከተለ፦ የወይዘሮ ዘነበች ታላቅ ወንድም አገር ቤት አርፈዋልና ለቅሶ ድረሱ!

አያችሁ? የሰፈሩን በሽተኛ ሁሉ ቆጥሬ አገር ቤት ያለውን አልቆጠርኩም። ማንስ ያስበዋል? ድሮ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተመርጦ ነበር፤ አሁን ስልክ ሰዓት አይመርጥም። ከወይዘሮ ዘነበች ግቢ ዋይታው ተነሣ፤ እኔ በበራቸው ፊት፣ በምሰሶዬ ሥር፣ ያለ ፊርማ ቆሜያለሁ።

ሸምሱ ጆሮው ላይ የደፋውን ማዳመጫ አውልቆ መጣ። ነገሩን ስነግረው አንድም ቃል ስለ ዝርዝሩ አልተናገረም። «እዘጋለሁ» አለ። ደግሞም ሽቦው ሥር ሰው ሊያልፍ ነው፤ ሬዲዮው እየሠራ ሽቦው ቢነካ አደጋ ነው። እኔ ግን በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ያ ሁሉ ተሰልፎ የሚጣራ ሰው ዝም ተብሎ ይተዋል? ስንብት ይገባል አልኩት። ሸምሱ ማይኩን አነሣና በእንግሊዝኛ «ጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ናት፤ ይቅርታ አድርጉልን፣ ወደ እርሷ መሄዳችን ነው» አላቸው። አንድ ቀን ሙሉ ሲንጫጫ የዋለው ሰማይ ጸጥ አለ። ከዚያ ከሩቅ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ብቻውን መጣ፦ «አዝናለሁ ወዳጄ፤ አምሳ ዘጠኝ» አለ። ሸምሱ አጠፋው።

ምሰሶውን ወይዘሮ የሺ ሳይመጡ ለማውረድ ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። ቋጠሮው ራሴ የቋጠርኩት ስለሆነ ሊፈታ ቀርቶ ሊላላ አልቻለም። ጥንቁቅ ሰው የቋጠረውን ማን ይፈታል? ቀና ስል ወይዘሮ የሺ ከፊት፣ የድንኳኑን ሸራ የተሸከሙ ጎልማሶች ከኋላ ሆነው መጡ። ሁለተኛው መክፈቻ እሳቸው ዘንድ ነው። ክፍሉን ከፍተዋል። ምሰሶው አለመኖሩን አይተዋል። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ለመናዘዝ። በዚህ ጊዜ ከጎልማሶቹ አንዱ ቀና አለና «እሰይ! ጋሽ ታዬ ቀድመው አቁመውታል!» አለ።

«አይ፣ ይኼ እንኳን...» ማለት ጀመርኩ። «ጎበዝ፣ አልብሱት!» አሉ ወይዘሮ የሺ። ሸምሱ ሽቦውን ከጫፉ አወለቀ፤ ሸራው ሽቦው በነበረበት በኩል በግራና በቀኝ ወረደ፤ ልክ እንደ ልኩ። ድንኳን በዚያ ፍጥነት ቆሞ አያውቅም። አንዲት ለቀስተኛ «እንዲህ ያለ ንብረት ክፍል ይስጣችሁ!» ብላ መረቀችን። ወይዘሮ ዘነበች በለቅሶ መሐል እጄን ይዘው «ታዬ፣ ወንድሜን ቀድመህ አሰብክልኝ» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የብራዚል ሰው ላነጋግርበት ነው የተከልኩት ልበል?

ሦስት ቀን ድንኳኑ ሥር ተቀመጥኩ፤ ሦስት ቀን ለመናዘዝ ሞከርኩ። ለሰው እውነት መንገር እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላውቅም ነበር። «እኔ ለሬዲዮ ውድድር ነው ያቆምኩት» ስላቸው፣ ትሑት ናቸው ይላሉ። ሸምሱ ራሱ «እውነታቸውን ነው፣ ለእኔ ሬዲዮ ነው» ሲል፣ ከምስጋናው ሊያሳርፋቸው ብሎ ነው አሉ። በሁለተኛው ቀን ግን ወሬው መልኩን ቀየረ። ምሰሶው የቆመው ዓርብ ነው፤ ሰውዬው ያረፉት ቅዳሜ ማታ ነው። ዓርብ ጠዋት ጋሽ ታዬ በሽተኛውን ሁሉ እየዞሩ ትንፋሽ ሲያዳምጡ ነበር። እማማ ብዙ መስክረዋል፤ አናጢው መስክሯል፤ «ማን ሞተ?» ብለው የጠየቁኝና «ማንም» ያልኳቸው ሁሉ መስክረዋል። «ያውቃሉ እኮ!» ተባለ። «ይታያቸዋል!» ተባለ።

ድንኳኑ ሲነሣ ወይዘሮ የሺ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ጠሩኝ። መዝገቡ ተገልጦ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ባዶው ረድፍ ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል። ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁና አጠገቡ አኖርኩ። ሴትዮዋ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ፤ ሰው አያታልላቸውም። «ዓርብ ማታ ነው ያየሁት» አሉኝ። «ሸምሱ 'ዊስኪ፣ ዊስኪ' ሲል እስከ ቤቴ ይሰማል። ሊመልሱት እንደሆነ አውቄ ዝም አልኩ። አሁን ይፈርሙ።» ምክንያቱን ምን ልበል አልኳቸው። «ለቅሶ ይበሉ» አሉኝ። ዓርብ ለቅሶ አልነበረም አልኳቸው። «እንግዲያው 'ለቅሶ፣ አስቀድሞ የታሰበ' ይበሉ።» ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። ቁልፉን አንሥተው በገዛ እጃቸው መልሰው አንገቴ ላይ አጠለቁት፤ እንደ ኒሻን። ከበሩ ስወጣ «ጋሽ ታዬ፣ ያቺን ጭልፋ ግን አልረሳሁም» አሉኝ።

ስማችን ከአፍሪካ ዝርዝር ላይ የት እንደወጣ አትጠይቁኝ፤ ወጥቷል፣ ለማግኘት ግን ወደ ታች ረጅም መንገድ አለው። ሸምሱ አዲስ ግንድ ተክሏል፤ ለሚቀጥለው ውድድር እየተዘጋጀ ነው። ስሜ ተረፈ፤ እንዲያውም አደገ። አስካለ ግን «አደገ?» ብላ ትስቅብኛለች። ምክንያቱም አሁን ሰፈር ውስጥ በሽተኛ መጠየቅ አልቻልኩም። እኔ ወደ ግቢ ስገባ ቤተሰብ ይደነግጣል። አንዷ ልጅ በር ላይ ተቀብላኝ «ጋሼ፣ አባባ ተሽሎታል፣ አይግቡ» አለችኝ። አናጢው በተሰበረ እግሩ ተነሥቶ ሊሸኘኝ ሞከረ። እማማ ብዙማ ስድባቸውን ከጎረቤታቸው ወደ እኔ አዛውረዋል።

ባለፈው ሳምንት አላስችለኝ አለና ወደ ደበላ ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ፣ ምንም ሳልፈልግ፣ ለመጠየቅ ብቻ። ከስቷል። ገና ከበሩ ሳያየኝ በኮቴዬ አወቀኝ መሰለኝ፣ «ምሰሶው የት ነው?» አለ። ክፍሉ ውስጥ፣ ተቆልፎ፣ ተፈርሞበት አልኩት። «ማል» አለኝ። ማልኩለት። ከዚያ በኋላ ነው ወንበር ያሳየኝ።

አጠገቡ ተቀምጬ ትንፋሹን እንዳላዳምጥ ጆሮዬን ለመንኩት፤ ጆሮ አይታዘዝም። እንዴት ነህ ደበላ አልኩት። ዓይኑን ከፈተ፤ ያቺ የድሮዋ ተንኮል በውስጡ አለች። «አምሳ ዘጠኝ» አለኝ።

ድምፁ እውነቱን ለመናገር ሠላሳ ሁለት አይሞላም ነበር። እኔ ግን ከደረት ኪሴ እስክሪብቶና ወረቀት አውጥቼ፣ እያየኝ፣ በትልልቁ ጻፍኩለት፦ አምሳ ዘጠኝ።